ሞተር ሳይክሉን ቀብቶ ጩኸት መቀነስ ይቻላል ወይ?

ወንድሜ፣ «ኢንጂኑን ድምፅ የሚያፍን ነገር ብቀባው ጩኸቱ ይቀንሳል ወይ?» ላልከው፣ ኢንጂኑን እንኳ ተወው። ቦክሰር ሞተር ሳይክል የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ኢንጂኑ ላይ ያሉትን ስስ የብረት ክንፎች ከቀባሃቸው ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ቅቡም ይጨሳል።

እኔ ኮዬ ፈጬ ሳለሁ ለመኪና ሥር የሚቀባውን ጥቁር ጎማ መሳይ ነገር ሞክሬዋለሁ። የጎን ፕላስቲኮቹን ከውስጥ በኩል ቀባሁ። መንቀጫቀጩ ጠፋ፤ ያ ብቻ። (የኮብልስቶኑ መንገድ ብሎን ሲያላላ አይጣል ነው፣ መጀመሪያ እሱን አጥብቅ።)

ጎረቤት የሚያስነሳው በአብዛኛው ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ነው። ኢንጂኑ ሲበርድ ማርሚታው ከኢንጂኑ ጋር የሚገናኝበትን መጋጠሚያ እየው። ዙሪያውን ጥቀርሻ ካለው ጭሱ እያመለጠ ነው፤ ጋስኬቱን (መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) ቀይር። ከኢንጂኑ ላይኛው ክፍል ቲክ ቲክ የሚል ከሆነ ደግሞ ቫልቩን አስተካክል። ካቴናውንም ዘይት አትንፈገው።