የሸረሸረው ማን ነው?

ልጆቼ፣ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ የወሎን ተዳፋት ስወጣና ስወርድ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዛሬ የምመክራችሁ ግን ስለ እርከን አሠራር ሳይሆን በየሪፖርታችሁ ስለማገኘው አንድ ቃል፣ ስለ «መሸርሸር» ነው።

ይህን ቃል ከ«መመናመን» ጋር እያቀያየራችሁ ትጽፋላችሁ። ሁለቱም ጥቂት በጥቂት መጉደልን ይገልጻሉ፤ ሆኖም ደን ይመናመናል፣ የከብት መንጋ ይመናመናል፣ ፀጉርም ይመናመናል (የራሴው አናት ምስክር ነው)፤ ብዙ የነበረው እያነሰ፣ ጥቅጥቅ ያለው እየሳሳ ሲሄድ ማለት ነው። «ተሸረሸረ» ሲባል ግን ከዳር ከዳሩ እየላሰ የወሰደው አካል አለ፤ እምነት ወይም ሥልጣን ተሸረሸረ ሲባል እንኳ ሰሚው «ማን ሸረሸረው?» ማለቱ አይቀርም። ገደሉ በአንድ ሌሊት ዝናብ ከወረደ ደግሞ ተናደ እንጂ ተሸረሸረ አይባልም።

እኔም በጀማሪነቴ ስቻለሁ። በ1981 እ.ኤ.አ. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከተቋቋመበት ከማይባር ብዙም በማይርቅ፣ በደሴ ዙሪያ በሚገኝ አንድ ተዳፋት ላይ «የማሳው አፈር ተመናምኗል» ብዬ የጻፍኩትን ለባለማሳው አነበብኩላቸው። ሽማግሌው ፈገግ ብለው «አብሽር ልጄ፣ ና ላሳይህ» አሉና ማሳው ዳር ወዳለች ወይራ ወሰዱኝ። ሥሯ እርቃኑን ቀርቷል። ከሥሩ እስከ መሬቱ ስንዝራቸውን ዘርግተው «ልጅ ሳለሁ አፈሩ ይህን ሸፍኖት ነበር፤ ጎርፍ ነው የበላው» አሉኝ።

አንድ ስንዝር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከልጅነታቸው ወዲህ 50 ዓመት አለፈ ብንል በዓመት 4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ይህን ያህል ዝቅታ ዓይን አያየውም፤ ከ1 ሄክታር ላይ ሲነሳ ግን 40 ሜትር ኩብ አፈር ነው። ጤፍ ደግሞ ደጋግሞ ማረስንና ማለስለስን ስለሚፈልግ የክረምቱ መግቢያ ዝናብ የሚያገኘው ራቁቱን የተኛ ለስላሳ አፈር ነው።

ወደ ቢሮ ተመልሼ ዓረፍተ ነገሩን «እርከን ያልተሠራለትን የጤፍ ማሳ የክረምት ጎርፍ ሸርሽሮ የወይራዋን ሥር በስንዝር አውጥቶታል» ብዬ አቃናሁት። አለቃዬ «ረዝሟል» ብለው መለሱልኝ፤ እኔም ሳላሳጥር መልሼ ላክሁላቸው።