ነፃ የኢንተርኔት መሣሪያዎች ለክፍል ማስተማር፦ ከመምህራን ጥያቄ፣ ከባልደረባ መልስ

ጥያቄ፦ በጎግል ፎርምስ ባወጣሁት የአማርኛ ፈተና በትክክል የመለሱ ልጆች ዜሮ ሆነባቸው። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ያጠፉት የለም፤ ነገሩ የሞክሼ ፊደላት ነው። ፎርምስ አጭር መልስን የሚያርመው እርስዎ ካስገቡት መልስ ጋር ፊደል በፊደል እያስተያየ ነው። «ፀሐይ» ብለው ካስገቡ «ጸሐይ» የጻፈው ልጅ ተሳስቷል ይባላል። ሁለቱ ጸ ከሦስቱ ሀ ጋር ሲባዛ ለዚህ ቃል ብቻ 6 አጻጻፍ ይመጣል፤ በ«ሃ» የሚጽፉም አሉ። ስለዚህ ከጥያቄው ሥር «አንሰር ኪ» የሚለውን ነክተው ሁሉንም አጻጻፍ አንድ በአንድ ያስገቡ። ሌላውን መልስ ሁሉ ስሕተት የሚያደርገውን ሣጥን አይምረጡት። ከዚያ «ሪስፖንስስ» ውስጥ «ክዌስችን» በሚለው ገብተው የቀሩትን በዓይንዎ ይዩ። ለአንድ ቃል መልስ ይህን ያህል መድከም ከበዛብዎ ጥያቄውን ምርጫ ያድርጉት። የልጅ ውጤት በፊደል ምርጫ መውደቅ የለበትም።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ ኢሜይል የላቸውም። ፎርሙ «ግቡ» እያለ ያስቆማቸዋል።

መልስ፦ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመልስ የሚያዘውን ምርጫ ያጥፉ። ፋይል እንዲጫን የሚጠይቅ ጥያቄም ካለ ያውጡት። ሁለቱም አካውንት ይጠይቃሉ። በምትኩ የመጀመሪያውን ጥያቄ ስምና ሮል ቁጥር አድርገው ግዴታ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ 62 ተማሪዎች አሉኝ፤ ስልክ ክፍል ውስጥ ክልክል ነው። ማን እንደገባው ቶሎ ማወቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ፕሊከርስ፣ ተማሪ የሚያነሣውን የወረቀት ካርድ በመምህሩ ስልክ ካሜራ የሚያነብ መተግበሪያ፣ ለእንዲህ ዓይነት ክፍል ነው። ስልክና ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለእርስዎ ብቻ ነው። ከድረ ገጹ 63 ካርድ ያለውን ስብስብ ያትሙ፤ 40 ያለው አይበቃዎትም። የካርዱን ቁጥር ከሮል ቁጥሩ ጋር ያዛምዱ። በካርዱ አራት ጎኖች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ አለ፤ ተማሪው የመረጠውን ፊደል ወደ ላይ አድርጎ ያነሣል፣ እርስዎ ካሜራውን በክፍሉ ላይ ያዞራሉ። ፊደሎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ጎረቤት አይኮርጅም።

ካሜራው አላነብ ካለ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ጣት በካርዱ ላይ የታተመውን ጥቁር ቅርጽ ሸፍኖታል፣ ወይም ካርዱ የሚያብለጨልጭ ላሚኔት ተደርጎ ብርሃን ይመልሳል። ወረቀቱን ካርቶን ላይ መለጠፍ ይሻላል። የኋላ ወንበሮችን ለማንበብ ወደ መሐል ይግቡ።

ጥያቄ፦ የቡድን ሥራ በጎግል ዶክስ ስሰጥ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይሰርዛል፣ የቀሩት ስም ብቻ ያስገባሉ።

መልስ፦ በቡድን አንድ ሰነድ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ንዑስ ርዕስ አስቀድመው ይጻፉለት። ባዶውን ሰነድ ሲልኩ ከሊንኩ መጨረሻ «ኤዲት» ከሚለው ጀምሮ አጥፍተው በእንግሊዝኛ ፊደል «ኮፒ» ብለው ይተኩት፤ የቡድኑ መሪ ሲከፍተው የራሱን ቅጂ ይፈጥርለታል፣ የእርስዎ አይነካም። የተሰረዘውን ለመመለስ በኮምፒውተር «ፋይል»፣ ቀጥሎ «ቨርዥን ሂስትሪ» ይክፈቱ። ማን መቼ ምን እንደጻፈ እዚያው በቀለም ተለይቶ ይታያል፤ ግን ስም የሚወጣው በአካውንቱ ለገባ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የቴሌግራም ኩዊዝ ለማርክ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። የመለሰው ትክክለኛውን ወዲያው ስለሚያይ ለጓደኛው ይነግረዋል። ለክለሳ ግን ግሩም ነው። በግሩፕ ሲልኩ ስም የሚደብቀውን ምርጫ ካጠፉ ማን የቱን እንደመረጠ ያያሉ።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን ኢንተርኔት የለም።

መልስ፦ ለፊዚክስና ኬሚስትሪ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃቸውን የፔት (PhET) የሙከራ ማሳያዎች አንድ በአንድ አውርደው በፍላሽ ይውሰዱ፤ በብራውዘር ያለ ኔትወርክ ይከፈታሉ። ዊኪፔዲያን ደግሞ ኪዊክስ በሚባለው መተግበሪያ ማውረድ ይቻላል። ፍላሹን ይዘው ከመሄድዎ በፊት ዳታ አጥፍተው አንድ ጊዜ ይሞክሩት።