ካሜራ ከመግዛትሽ በፊት በሩን እዪው

ሰላም እህቴ። ጎረቤት ቤት ሌባ ከገባ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣሽና በያዝሽው ገንዘብ የትኛውን ካሜራ ብትገዢ እንደሚሻል ጠይቀሻል። የኔ መልስ ካሜራው መጨረሻ ላይ ይምጣ የሚል ነው። ካሜራ የገባውን ሌባ ያሳይሻል፤ እንዳይገባ የሚያደርገው በሩ ነው። ሌባ የሚጠላው በር ላይ መቆየትንና ድምፅ ማሰማትን ስለሆነ መጀመሪያ የምታወጪው ገንዘብ እነዚህን ሁለቱን የሚያበዛበት ይሁን።

የእንጨት በር በእርግጫ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ ቁልፉ ደህና ነው፤ የሚሰነጠቀው መቃኑ ነው። በሩን ክፈቺና የቁልፉ ምላስ መቃኑ ላይ የሚገባባትን ቀጭን ብረት እዪ። ከያዟት ብሎኖች አንዱን በካቻቪቴ ፍቺው። ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ የነከሰው የመቃኑን እንጨት ብቻ ነው፣ ግድግዳው ጋ አልደረሰም። ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ብሎን ለውጪው። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ በትራፓኖ ተበስቶ ፊሸር (ብሎኑን የሚያጠብቅ የፕላስቲክ ቱቦ) ይግባበት። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ደግሞ መጀመሪያ ከብሎኑ ቀጠን ያለ ቀዳዳ ይበሳ። ሲጠብቅ ከመጠን በላይ አይጥበቅ፤ መቃኑ ወደ ግድግዳው ከተሳበ ምላሱ ቀዳዳውን ይስታል። ማጠፊያዎቹንም በረጃጅም ብሎን አስይዢ።

በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ የማጠፊያው ዘንግ ውጭ ነው ያለው። ዘንጉ ተመትቶ ከወጣ በሩ በቁልፉ በኩል እንደተቆለፈ በማጠፊያው በኩል ይነቀላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በማጠፊያው በኩል ባለው የበሩ ጠርዝ ላይ፣ ከላይኛውና ከታችኛው ማጠፊያ አጠገብ አንዳንድ የብረት ችንካር ይተከል። በሩ ሲዘጋ መቃኑ ላይ በተበሳው ቀዳዳ ይገባሉ። ማጠፊያው ቢወልቅም በሩ አይነቃነቅም።

ሲሊንደሩ ላይ፣ ማለትም መክፈቻው በሚገባበት የቁልፉ ክፍል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሲሊንደሩ መሃሉ ላይ፣ ማሰሪያው ብሎን በሚገባበት ቦታ፣ ብረቱ ሳስቶ ይገኛል። ጫፉ ከእጀታው ሽፋን ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውጭ ከወጣ በፒንሳ ተይዞ እዚያው መሃሉ ላይ ይሰበራል። አዲስ ስትገዢ ጠቅላላ ርዝመቱን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ከብሎኑ ቀዳዳ መሃል እስከ ውጭው ጫፍ፣ ከዚያም እስከ ውስጡ ጫፍ ለየብቻ ለኪ፤ አንዱ 35 ሌላው 45 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። የውጭው ጫፍ ቢሰበር ቀሪው እንደተቆለፈ የሚቆይ ዓይነት አለ፣ እሱን ጠይቂ። አሮጌውን ለማውጣት በበሩ ጠርዝ ያለውን ረጅም ብሎን ፈትተሽ ቁልፉን ጥቂት ዞር አድርገሽ ሳቢው። አዲሱን ደግሞ በሩ ክፍት እንዳለ ደጋግመሽ ሞክሪው። ዘግተሽ ከሞከርሽና ካልሠራ ውጭ ልትቀሪ ትችያለሽ። ቤቱ ውስጥ በቅርቡ የገባሽ ከሆነ ሲሊንደሩን መቀየር ግድ ነው፣ የድሮው ቁልፍ በስንት ሰው እጅ እንዳለ አይታወቅም። አንድ ሌላ ነገር፤ በሩን ገፍቶ መዝጋት መቆለፍ አይደለም። ጫፏ ሰያፍ የሆነችውን ምላስ ጠንከር ያለ ፕላስቲክ ይገፋታል፤ ስለዚህ ቁልፉን አዙሪ።

መስኮት ላይ የብረት ፍርግርግ ካለሽ በብሎን ነው የታሰረው ወይስ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል? ብሎኑ ከውጭ የሚታይ ከሆነ ካቻቪቴ ይበቃዋል፤ የብሎኖቹን ራስ አስበይጂው። ግን እባክሽ፣ መኝታ ቤት ካሉት ፍርግርጎች አንዱ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን። እሳት ሲነሳ በፍርግርግ የታጠረ ክፍል መውጫ የለውም። ቁልፉ ቤተሰቡ ሁሉ በሚያውቀው ቦታ፣ ግን በመስኮቱ እጅ ቢገባ በማይደረስበት ርቀት ይሰቀል። ተንሸራታች መስኮት ከሆነ በታችኛው ሐዲድ ላይ ልክ የተቆረጠ እንጨት አጋድሚበት።

ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ከተረፈሽ ካሜራ ግዢ። ከመሬት 2 ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ይሰቀል፤ በጣም ከፍ ካለ የሚያሳየው ኮፍያ ነው። በመስኮት መስታወት አሻግሮ እንዲያይ አታስቀምጪው፤ ማታ የራሱ ጨረር መስታወቱ ላይ አንጸባርቆ ምስሉን ነጭ ያደርገዋል። አብሮት የመጣውን የይለፍ ቃል ወዲያውኑ ለውጪ፣ መቅረጫውንም ሌባ ነቅሎ እንዳይሄድ ከሳሎን አርቀሽ ደብቂው።

ብሎኖቹን ስትፈቺ የመቃኑን ብረትና የበሩን ጠርዝ ፎቶ አንስተሽ ብትለጥፊ አብረን እናየዋለን። የቤት ቁጥርና ቁልፍ ግን ፎቶው ውስጥ እንዳይገቡ፤ ጥርሱ በግልጽ ከታየ ከፎቶ ብቻ ሌላ ቁልፍ መቅረጽ ይቻላል።