ለፔሳሕ (ለአይሁድ ፋሲካ) ማዕድ አዲስ እንግዶች ሲመጡ

ጥያቄ፦ ልጄ ያገባችው ሰው አይሁዳዊ አይደለም። ዘንድሮ ከወላጆቹ ጋር ለፔሳሕ የመጀመሪያ ምሽት ይመጣሉ። ባይተዋርነት እንዳይሰማቸው ምን ላድርግ?

መልስ፦ አስቀድመው ይደውሉላቸው። እንግዳ ባዶ እጁን መምጣት ስለማይወድ ኬክ ወይም ዳቦ ይይዛል፤ የቦካ ነገር ግን በፔሳሕ ቤት አይገባም። እዚያው በር ላይ ከመሳቀቅ አበባ እንዲያመጡ መንገር ይሻላል።

ሁለተኛው ችግር ረሃብ ነው። ራት የሚቀርበው በማዕዱ ላይ ከሚነበበው መጽሐፍ፣ ከሃጋዳው፣ ረጅም ንባብና ከሁለተኛው የወይን ጽዋ በኋላ ስለሆነ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ቀለል ያለ ነገር ቀምሰው እንዲመጡ ይንገሯቸው። በምሽቱ ለሚጠጡት 4 ጽዋዎች ወይን ጠጅ ለማይጠጣ የወይን ጭማቂ ያዘጋጁ።

ሃጋዳው እነርሱ በሚያነቡት ቋንቋ ትርጉም ያለው ይሁን። እስራኤላውያን ከግብፅ የወጡበትን ታሪክ ተራ ደርሷቸው ቢያነቡ ደስ ይላል፤ ቡራኬውን ግን ያልፈለገ አይገደድ። ይህ ምሽት ከሌሎች ምሽቶች ለምን እንደሚለይ የሚጠይቁትን 4 ጥያቄዎች እንደ ልማዱ ለትንሹ ልጅ ይተዉለት።