ምላሳችሁን አሳዩ

ሰሞኑን አንዲት የሰፈራችን ልጅ የምላሷን ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ። «ጋሼ፣ ካንሰር ነው እንዴ?» ትላለች። ቀላ ያሉ ቦታዎች አሉ፣ ዙሪያቸው ነጣ ያለ መስመር፣ ቁርጥ ካርታ። ትናንት ጫፉ ላይ የነበረው ዛሬ ወደ ጎን ሄዷል። ቦታ የሚቀያይር ከሆነ ችግር የለውም፣ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ቢበዛ በርበሬ ሲነካው ያቃጥልሻል አልኳት። አላመነችኝም። የዛሬ ልጆች ጡረታ ከወጣ ጤና መኮንን ይልቅ ቲክቶክ ላይ የሚለፈልፈውን ጎረምሳ ነው የምታምኑት።

ፎቶው ግን ሌላ ምላስ አስታወሰኝ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ጅማ አንድ ክሊኒክ እሠራ ነበር። አንድ ቡና የሚነግድ ወጣት መጣ። ደህና የለበሰ፣ ተጫዋች። ምግብ አልጣፍጥ ብሎኛል፣ ስውጥም ያቃጥለኛል አለኝ። ምላሱን ሲያወጣ እርጎ የተቀባ ይመስላል። በጎዝ ጠረግ ሳደርገው ነጩ ተነሣ፣ ሥሩ ቀልቶ ደም አዘለ። ፈንገስ ነው። ሕፃን ልጅ ላይ ብታዩት አይገርምም፣ አንቲባዮቲክ የወሰደ ወይም ስኳር ያለበትም ሰው ይይዘዋል። በዚያ ዘመን ግን እንዲህ ያለ ወጣት አፍ ውስጥ ሲታይ ሁላችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር። እሱም ገብቶታል፣ ዓይን ዓይኔን ነው የሚያየኝ። «ደም ተመርመር ልትለኝ ነው አይደል?» አዎ አልኩት። «እሺ ከዚያስ? መድኃኒት አለህ?»

ምን ልበለው? የኤችአይቪ መድኃኒት ያኔ እኛ ጋ የት አለና። ጂቪ ሰጠሁት፣ ያንን ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን የሚቀባ መድኃኒት። እዚያው ሲቀባ ከንፈሩ ሁሉ ተበላሸ፣ በመስታወት አይቶ ሳቀና ወጣ። ተመልሶ አልመጣም። መሞቱን የሰማሁት መርካቶ ውስጥ ከወንድሙ ነው።

በ1997 መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ጀመረ። ከእሱ በኋላ ምላሳቸው እንደሱ ነጭ ሆኖ የመጡ ሰዎች ዛሬ ልጅ ድረው መንገድ ላይ ሰላም ይሉኛል። ጥቂት ዓመት ብቻ ቀድሞ ታመመ። ይኼ እስካሁን ያንገበግበኛል። እናንተ ግን «ከዚያስ?» ብትሉ መልስ አለን፣ ታዲያ ምርመራ የምትሸሹት ለምንድን ነው?

ስለ መቦረሽ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ቡናና ሲጋራ የሚያበዛ ሰው ምላሱ ጠቁሮ ጸጉር ያወጣ ሊመስል ይችላል፣ ያስጠላል እንጂ አይገድልም። የገረጣ ምላስ ደም ማነስን ያስጠረጥራል። ልሙጥና ቀይ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ብረት ወይም ቫይታሚን ቢ12 አንሶ ሊሆን ይችላል፣ በደም ምርመራ ይለያል። ከኋላ በኩል የተደረደሩት እብጠቶች የሁላችንም ናቸው፣ አትነካኳቸው። በእኛ ልጅነት ጉሮሮ ባመመን ቁጥር እንጥል የሚቆርጥ ሰው ይጠራ ነበር፣ ደሙን አሁንም አልረሳውም።

ቅድም አትደናገጡ ያልኩ መስያለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን ደንግጡ። ተጠርጎ የማይለቅ ነጭ ነገር፣ ወይም ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ የማይድን ቁስል፣ በተለይ የምላስ ጎን ላይ። የምታጨሱና የምትጠጡ ይበልጥ፣ በርጫ የማይቀርባችሁም አፋችሁን አስታዩ። ካንሰር መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ስለዚህ እስኪያም አትጠብቁ። ጥርሴን አላመመኝ ብላችሁም የጥርስ ክሊኒክ አትለፉ፣ አፍ ማየት የነሱ ሥራ ነው።