እርሳስ ይዛችሁ አንብቡ

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገልሁት በሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያነት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ ያሉትን መጻሕፍት የሰፈራችን ተማሪዎች እየመጡ ይዋሳሉ፤ ሲመልሱም ቡና እየተፈላ ስላነበቡት እንጨዋወታለን። ባለፈው ክረምት ከእነርሱ አንዷ፣ አሥራ አንደኛ ክፍልን የጨረሰች ልጅ፣ የተዋሰችውን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ እኮ ያልሆነ ነገር ነው፤ ሳይንስ ለሚማር ሰው ያልሆነ ነገር ማንበብ ምን ይጠቅመዋል?» አለችኝ። ያን ቀን የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር፤ እኔንም አላረካኝም። ስለ ሳይንሳዊና ስለ ጀብዱ ልብ ወለዶች ያለኝን አስተያየት ለእርሷም ለእናንተም ዘርዘር አድርጌ ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህን መጻሕፍት ማንበብ የጀመርሁት ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነበር። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያገለገሉ መጻሕፍት በሳንቲም የሚያከራይ ሰው ነበር፤ መብራት ሲጠፋ በኩራዝ፣ መዝገበ ቃላቱን ከጎኔ አድርጌ፣ በቀን አራት ወይም አምስት ገጽ እገፋ ነበር። መጀመሪያ እጄ የገባው ፈረንሳዊው ዡል ቬርን ስለ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ የጻፈው ነው። ርእሱ ሃያ ሺህ ሊግ ከባሕር በታች ስለሚል፣ መርከቢቱ ወደ ታች ያን ያህል የጠለቀች መስሎኝ ብዙ ወራት ቆየሁ። ኋላ የጂኦግራፊ መጽሐፌን አውጥቼ ሳሰላው፣ አንድ ሊግ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሃያ ሺው 80,000 ኪሎ ሜትር መጣ። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር፣ የውቅያኖስም እጅግ ጥልቁ ቦታ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና፣ ቁጥሩ የጉዞው ርዝመት እንጂ የጥልቀቱ ልክ እንዳልሆነ ገባኝ። ማንም ሳይነግረኝ ራሴ ደረስሁበት፤ የዚያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እርሳስ ሳልይዝ ከፍቼ አላውቅም፤ እናንተንም የምመክራችሁ ይህንኑ ነው።

በእኔ አስተያየት ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው አንድ የማይሆን ነገር እንዲፈቀድለት አንባቢውን መለመን መብቱ ነው፤ ያ ከተፈቀደለት በኋላ ግን የቀረውን ሒሳብ ሳያጭበረብር መሥራት አለበት። መጽሐፉን የምመዝነው በዚህ ነው። ብዙ ሰው ቬርንን የሚያወድሰው «አስቀድሞ ተናገረ» እያለ ነው። በእርግጥም እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት ሰዎችን ከፍሎሪዳ ወደ ጨረቃ ልኳል፤ እ.ኤ.አ. በ1969 አፖሎ 11 የተባለው የጨረቃ መንኮራኩርም ሦስት ሰዎችን ይዞ የተነሣው ከዚያው ከፍሎሪዳ ነው። ከዚህ ግጥምጥሞሽ ይልቅ እኔን ያስተማረኝ የደራሲው ስሕተት ነው። ቬርን መንገደኞቹን የላካቸው 900 ጫማ፣ ማለትም 274 ሜትር፣ ርዝመት ባለው መድፍ ሲሆን፣ ከአፈሙዙ ሲወጡ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበሩ ነበር። ፊዚክስ የተማረ ልጅ ይህን ፍጥነት በራሱ አባዝቶ ለመድፉ ርዝመት እጥፍ ቢያካፍለው፣ ውጤቱንም እንደገና ለምድር ስበት ፍጥንጥነት (9.8) ቢያካፍለው፣ መንገደኞቹ ገና ከመድፉ ሳይወጡ ከክብደታቸው 20,000 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል እንደሚደፈጠጡ ያገኛል። ደራሲው ግፊቱን እንዲያበርድላቸው ከእግራቸው ሥር ውኃ አስቀምጦላቸዋል፤ ይህን ያህል ግፊት ግን ውኃ አያበርደውም። የአፖሎ ሮኬት ሰዎቹን በሕይወት ያደረሳቸው ያንኑ ፍጥነት በደቂቃዎች ቀስ በቀስ ስለሰጣቸው ነው። ይህን በገዛ እጁ ያሰላ ተማሪ መድፍ ቀርቶ ሮኬት ለምን እንዳስፈለገ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

በሰማንያ ቀን ዓለምን ስለሚዞረው ሰው የጻፈውን በተመለከተ የምለው ጥቂት ነው። ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው በእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ያተርፋል፤ 360 ዲግሪ ሲዞር ስንት እንደሚሆን አስሉ። መጨረሻውን ከእኔ አትስሙ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ ነው። በወጣትነቱ ከታወቀው የሥነ ሕይወት ሊቅ ከቶማስ ሃክስሊ ሥር የተማረ በመሆኑ፣ ስለ ሕያዋን ሲጽፍ እጁ የሠለጠነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የታተመውን ስለማይታየው ሰው የሚተርከውን መጽሐፉን ያነበብሁት የሌሊት ተረኛ ሆኜ ነበር። ግሪፊን የተባለው ገጸ ባሕርይ ምሥጢሩን ለቀድሞ ጓደኛው ሲገልጥለት፣ መስታወት ለዐይናችን የሚታየው ብርሃንን ስለሚሰብርና ስለሚያንጸባርቅ ነው፤ ብርሃንን በተቀራራቢ ልክ በሚሰብር ፈሳሽ ውስጥ ቢገባ ግን ይጠፋል ይለዋል። ሲነጋ የወባ ምርመራ ስላይድ፣ ማለትም ደም የተቀባበት ስስ መስታወት፣ መጣልኝ። ጂምሳ በሚባለው ቀለም የተቀለመውን ደም መቶ እጥፍ በሚያጎላው ሌንስ ለማየት፣ አስቀድሞ ስላይዱ ላይ አንድ ጠብታ የኢመርሽን ዘይት ማኖር የዘወትር ሥራዬ ነበር፤ በሥልጠና ጊዜ እንዲህ አድርጉ ስለተባልን እናደርገው ነበር እንጂ ለምን እንደሆነ በጥሞና አስቤው አላውቅም። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ዘይቱን በእጄ እንደያዝሁ ቆምሁ። ዘይቱ ብርሃንን የሚሰብርበት ልክ 1.52 ገደማ ነው፤ የመስታወቱም እንዲሁ። ስለዚህ ብርሃኑ ከስላይዱ ወጥቶ ወደ ሌንሱ ሲገባ በመካከል አየር የሚባል ድንበር አያገኝም፤ ሳይሰበርና ሳይበተን ያልፋል፤ ምስሉም ይጠራል። ግሪፊን ሌሊቱን ሲነግረኝ ያደረው ይህንኑ ነበር። ዌልስ የለመነኝ አንድ ነገር፣ ሕያው ሥጋም እንደ መስታወቱ ሊደረግ ይችላል የሚለውን ብቻ ነው። እኛ የላብራቶሪ ሰዎች ዘመናችንን የምናሳልፈው ጥርት ብሎ ከዐይን የሚሰወረውን ተሕዋስ ቀለም እየቀባን እንዲታይ በማድረግ ነው፤ እርሱ ደግሞ መንገዱን ወደ ኋላ ሄዶበታል። እናንተም ብትፈልጉ ፓይሬክስ ከሚባለው፣ እሳት ከሚችለው መስታወት የተሠራ ዘንግ ፈልጋችሁ በምግብ ዘይት ውስጥ ንከሩት፤ ዐይናችሁ እያየ ይሰወራል።

እርሳስ የያዘ አንባቢ በዚህ አያቆምም። ማየት የሚቻለው ረቲና፣ ማለትም በዐይን የኋላ ክፍል ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ብርሃንን ሲያስቀረው ስለሆነ፣ ብርሃንን ሁሉ የሚያሳልፍ ዐይን ያለው ሰው ዕውር መሆን ነበረበት። ዌልስ ይህን ጨርሶ አልዘነጋውም፤ ግሪፊን በድመት ላይ ሲሞክር የዐይኗ የኋላ ክፍል አልጠፋ ብሎት እንደነበር ጽፏል። ወደ ሰውየው ሲደርስ ግን ነገሩን አለሳልሶ አልፎታል። ይህን በማግኘቴ ለደራሲው ያለኝ አክብሮት አልቀነሰም፤ ይልቁንም ሐሳቡ እስከ ምን እንደተጓዘና የት ላይ እንደቆመ ስላሳየኝ አብሬው የሠራሁ ያህል ተሰማኝ።

ከዚያው መጽሐፍ ልቤን የነካው ሌላ ጉዳይ አለ። ግሪፊን የወደቀው ዕውቀት ጎድሎት ሳይሆን ብቻውን፣ በር ዘግቶ፣ ሥራውን ለማንም ሳያሳይ በመሥራቱ ነው። በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ ላይ፣ ወረፋው በበዛበት አንድ ቀን፣ የአንድ ታማሚ ሕፃን ስላይድ በማይክሮስኮፕ ሊታይ የሚገባውን መቶ መስክ (የእይታ ክፍል) ሳልጨርስ «ወባ የለም» ብዬ ጽፌ ነበር። አብራኝ የምትሠራ እኅት ስላይዱን ደግማ አይታ ተሕዋሱን አገኘችው፤ ልጁም መድኃኒቱን በጊዜ ወሰደ። ግሪፊን ስሕተቱን የሚያርምለት አንድም ሁለተኛ ዐይን አልነበረውም። ሳይንስ የሚሠራው በዚያ ሁለተኛ ዐይን መሆኑን ከመማሪያ መጻሕፍቶቼ ይልቅ ይህ ልብ ወለድና ያ ስላይድ አጥብቀው አስተምረውኛል።

ከማርስ የመጡ ወራሪዎች እንግሊዝን ሲያጠፉ የሚተርከው እ.ኤ.አ. የ1898ቱ መጽሐፉ የሚከፈተው በማይክሮስኮፕ ነው፤ ሰው በውኃ ጠብታ ውስጥ የሚርመሰመሱትን ፍጥረታት እንደሚመረምር፣ ሰውንም ከሩቅ የሚመረምር ዐይን ነበረ ይላል። የሚቋጨውም በዚያው በጠብታዋ ዓለም ነው፤ መድፍ ያልበገራቸው ወራሪዎች ሰውነታቸው መከላከያ ባላበጀላቸው የምድር ባክቴሪያዎች ይወድቃሉ። አንዳንድ አንባቢዎች ይህን ፍጻሜ ድንገት የመጣ ነው ብለው ሲነቅፉት ሰምቻለሁ። እኔ አልስማማም፤ ፍንጩ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተቀምጦላቸዋል። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1882 ስለነበር፣ ዌልስ በዘመኑ ገና ትኩስ የነበረውን ዕውቀት ወስዶ ሙሉ ታሪክ አቁሞበታል። ደግሞም እንግሊዛዊ አንባቢዎቹ ወራሪዎቹን ከመርገማቸው በፊት፣ አውሮፓውያን በታዝማኒያ ሕዝብ ላይ ያደረሱትን እልቂት እንዲያስታውሱ በግልጽ ጽፎላቸዋል። መጽሐፉ የወጣው ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑን ሳስብ፣ መወረር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ ልጅ ሆኜ ማንበቤ ሌላ ክብደት ይሰጠዋል።

ወደ ጀብዱ ልብ ወለዶች ስመጣ አስተያየቴ ጠንከር ይላል፤ እነዚህ ሲሳሳቱ የሚጎዱት ሰውን ነውና። ቬርን እ.ኤ.አ. በ1863 ያሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ሦስት አውሮፓውያንን በባሉን ከዛንዚባር ተነሥተው አፍሪካን እንዲያቋርጡ ያደርጋል። የነፋሱ፣ የጋዙና የክብደቱ ስሌት ደስ ይላል። ነገር ግን በአንድ ቦታ ዝንጀሮዎች ባሉኑን ሲከቡት፣ መንገደኞቹ የአገሩ ሰዎች መስለውን ነበር ይባባላሉ፤ ከሩቅ ሲታዩ ልዩነቱ ብዙ አይደለም የሚል ቃልም ይከተላል። በልጅነቴ ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። ዛሬ እንዳታነቡት አልከለክላችሁም፤ እዚያ ቦታ ስትደርሱ ግን እርሳሳችሁን አንሥታችሁ፣ ከላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው ያላየውን በኅዳጉ ላይ ጻፉበት።

የጀብዱ ታሪክ በከተማችንም አልፏል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ ቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ በፈንጣጣ የታመሙ ልጆችን አስታምሟል፤ በዚያው ዓመት የዓባይ ምንጭ ካለበት ከግሽ ዓባይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1790 ያየውን በአምስት ቅጽ ሲያሳትም፣ ከአገሩ ሰዎች ብዙዎቹ ፈጠራ ነው ብለው አላመኑትም። እውነተኛ ጉዞው እንደ ተረት መቆጠሩ ያሳዝነኛል፤ የእርሱ ስሕተት ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። ምንጩን ያየሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ብሎ ጽፏል፤ ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1618 ቀድሞት ደርሶ ነበር። የአካባቢው ሕዝብማ ሁለቱም ሳይመጡ ሲያከብረው የኖረ ምንጭ ነው። «አገኘሁ» የሚል ጀግና በምታነቡበት መጽሐፍ ሁሉ፣ ያን ጊዜ በዚያ ቦታ ማን ይኖር እንደነበር ጠይቁ።

ይህን ዓይነት ጽሑፍ ከውጭ ብቻ የመጣ አድርጋችሁም አትቁጠሩት። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የጀብዱ ታሪክ ነው። አባቱን ከምርኮ ነፃ ያወጣውን ደግ ነጋዴ ፍለጋ የወጣው ዋሕድ እርሱም በተራው በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል፤ መንታ እኅቱ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። «ልብ ወለድ» የምንለው ስያሜ ራሱ የተገኘው ከዚሁ መጽሐፍ ርእስ ነው። እዚህ ውስጥ ጀግናው የሚንከራተተው ወርቅ ፍለጋ ሳይሆን ውለታ ለመመለስ ስለሆነ፣ ከብዙ የባሕር ማዶ ጀብዱዎች ይልቅ ለልቤ ይቀርባል።

ያችን ተማሪ ላንሣና ልጨርስ። የማርስ ወራሪዎችን መጽሐፍ ወስዳ ለመስከረም መለሰችልኝና፣ «ጋሼ፣ በደንቢያ በኩል ጣናን የወረረው እምቦጭም እኮ ከሩቅ የመጣ ወራሪ ነው፤ እርሱስ ለምን አልሞተም?» አለችኝ። የእምቦጭ መነሻ ደቡብ አሜሪካ የአማዞን ተፋሰስ እንደሆነ፣ በትውልድ አገሩ የሚበሉት ነፍሳት ወደ እኛ አብረውት እንዳልመጡ፣ ስለዚህ የእርሱ ዕጣ ከማርስ ሰዎች ዕጣ ተቃራኒ እንደሆነ ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «ታዲያ ይህን ማንም አልጻፈውም?» አለች። በሳምንቱ በደብተር ወረቀት አራት ገጽ ጽፋ አመጣችልኝ፤ ሐይቁ እየጠበበ፣ ታንኳዎቹ መንገድ እያጡ፣ አንዲት ልጅ በየማለዳው ዳርቻውን በገመድ ስትለካ ይተርካል። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍሁባት፦ ተክሉ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ስፋቱን እጥፍ ሊያደርግ ይችላልና፣ ታሪኩ ሲጀምር አንድ ሄክታር ከነበረ ልጅቱ ለገና ስትለካው ስንት ይሆናል? ስሌቱን ሠርታ ከአምስተኛው ገጽ ጋር እንደምታመጣልኝ ነግራኛለች።