ጠይቁኝ፦ «ወዲያው» የምትለዋ ቃል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጎንደር አራዳ ገበያ ሱቅ አለኝ። አንድ ደንበኛዬ በስልኩ ቪዲዮ አሳየኝ። «የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ፣ የሰው ቆዳ ወዲያው ተላጠ» ይላል። ልመን እንዴ?

መልስ፦ ያቺን ቪዲዮ እኔም አይቻታለሁ፤ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ አፍጥጬባታለሁ። «ወዲያው» የምትለዋ ናት ያላማረችኝ። የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው የጦር መርዝ ቆዳ ላይ ውኃ የሚያስቋጥረው ከሰዓታት በኋላ ነው።

ግን ሁሉንም ውሸት ነው ብለህ አትዝጋው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ይህንኑ ጋዝ ከአውሮፕላን አርከፍክፎብናል። መንግሥታቸው በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ስልሳ ዓመት! ጋዙ በተጣለበት ጊዜ ግን ቁስሉን በዓይናቸው ያዩ የቀይ መስቀል ሐኪሞች ነበሩ።

ደንበኛህን «መቼ? የት? የትኛው ሐኪም አየው?» በለው። «ቴሌግራም ላይ ነው» ካለህ፣ ስኳሩን መዝነህ ሸኘው።